ሐኪሞች ከሆስፒታሎቻችን ለምን ይለቅቃሉ?

በአንድ ወረዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ሥራ ሲለቅቅ ወሬው ፈጥኖ ገበያ ይደርሳል። በእርሱ ምትክ ሌላ እስኪመደብ ወራት ያልፋሉ፤ የተመደበውም ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ይሄዳል። የስኳር እና የደም ግፊት ሕሙማን በየቀጠሮው የሕመማቸውን ታሪክ ለአዲስ ሰው ከመነሻው ይተርካሉ። አርሶ አደሩ ነገሩን "ሐኪሞች ገጠር አይወዱም" ብሎ ያጠቃልለዋል። የጤና ጽሕፈት ቤቱ በበኩሉ የበጀት እጥረትን ያነሳል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነቱ ጥቂት ይዘዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሐኪም ተምሮ፣ ተመድቦ እና ሠርቶ የመልቀቂያ ደብዳቤ እስከሚጽፍበት ቀን ያለውን መንገድ ስንከተል ጉዳዩ ከሁለቱም አባባሎች ሰፍቶ እናገኘዋለን።

በሀገራችን የጤና ሥርዓት ሆስፒታሎች በሦስት ደረጃ ተዋቅረዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግሉ ታስበው የተደራጁ ናቸው። በመጀመሪያው ደረጃ የሚሠሩት በአብዛኛው ጠቅላላ ሐኪሞች እና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር በመሆኑ የአንዱ መልቀቅ የሌሎቹን ሕይወት ይለውጣል። አምስት ሐኪሞች ባሉበት ሆስፒታል ሁለቱ ሲሄዱ በየአምስት ቀኑ ይደርስ የነበረው የሌሊት ተረኝነት በየሦስት ቀኑ ይሆናል። ሌሊቱን ሲያዋልድ እና ቁስል ሲሰፋ ያደረው ሐኪም በማግስቱ ረፋድ ላይ በተመላላሽ ክፍል በር የተኮለኮለውን ሰልፍ ያስተናግዳል። ቀጥሎ የሚለቅቀው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለ10 ሺህ ሰው የሚደርሰው ሐኪም አንድ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዘላቂ የልማት ግቦች መሳካት እንደ መነሻ ያስቀመጠው ደግሞ ለ1 ሺህ ሰው በድምሩ 4 ነጥብ 45 ሐኪሞች፣ ነርሶች እና አዋላጆች ነው። ያለው የሰው ኃይል እንዲህ ጥቂት በሆነበት ሀገር የሐኪም ከቦታ ቦታ መዘዋወር ጉዳቱ እኩል አይከፋፈልም። ከወረዳ ወደ ዞን ከተማ፣ ከዞን ወደ ክልል ዋና ከተማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በሚደረገው ጉዞ እያንዳንዱ ደረጃ የጎደለውን ከበታቹ ይሞላል። የመጨረሻው የወረዳ ሆስፒታል ግን ከማንም የሚወስደው የለም።

ይህ ጉዳት በገንዘብ ሲተመን በአርሶ አደሩ ኪስ ላይ ያርፋል። ምጥ የጠናባት እናት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ባለሙያ በሆስፒታሉ ባለመኖሩ ሪፈር ተጽፎላት ወደ ከተማ ስትላክ የአምቡላንስ ነዳጅ፣ የአስታማሚ መኝታ፣ የምግብ እና የመመለሻ ትራንስፖርት ወጪ ይከተላል። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈ አባወራ መዋጮውን የሚከፍለው ወደዚህ ወጪ ላለመግባት ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ በአብዛኛው የሀገሪቱ ወረዳዎች ተዳርሷል። የአባልነት ደብተሩ ግን የሚያክመው ሰው ከሌለ ብቻውን አያድንም። ሐኪም እና መድኃኒት ያጣ አባል ወደ ግል ክሊኒክ ሄዶ ከኪሱ ይከፍላል። በቀጣዩ ዓመት እድሳት ሲጠየቅ ቢያመነታ ሊፈረድበት አይገባም። አባላት ሲቀንሱ ደግሞ የሆስፒታሉ ገቢ ይቀንሳል፤ ገቢው ሲቀንስ ባለሙያውን ማቆየት ይበልጥ ይከብዳል።

ሐኪሙን ለመልቀቅ ከሚያነሣሡት ምክንያቶች ሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ክፍያ ነው። በ2011 ዓ.ም ሐኪሞች ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ጥያቄያቸውን በአደባባይ ባሰሙበት ወቅትም ሆነ በ2017 ዓ.ም ግንቦት ወር በርካታ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ባቆሙበት ጊዜ ከፊት የተቀመጠው የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እና የጥቅማ ጥቅም ጉዳይ ነበር። በሁለተኛው ወቅት ከሥራ ማቆሙ ጋር በተያያዘ የታሰሩ ባለሙያዎችም ነበሩ። በሁለቱ ጊዜያት መካከል የኑሮ ውድነቱ ተባብሷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። መንግሥት ከዚያ በኋላ የሠራተኞችን ደመወዝ አሻሽሏል፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮም ተጨማሪ ማሻሻያ ተግባራዊ አድርጓል። ማሻሻያው እፎይታ ሰጥቷል። ነገር ግን ሐኪሙ ደመወዙን የሚያነጻጽረው ከአምናው ደመወዙ ጋር ብቻ አይደለም። የቤት ኪራዩን፣ የጤፉን ዋጋ እና በግል ሆስፒታል የተቀጠረ የክፍል ጓደኛውን ገቢ ያያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። በመንግሥት ስኬል መሠረት በሩቅ ወረዳ የሚሠራ ሐኪም እና በክልል ከተማ የሚሠራ አቻው መነሻ ደመወዛቸው ተቀራራቢ ነው፤ ገቢያቸው ግን በእጅጉ ይለያያል። የከተማው ሐኪም ከመደበኛ ሥራው ሲወጣ በግል ክሊኒክ ጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ በኮሌጅ ያስተምራል፤ ሆስፒታሉ የግል ሕክምና ክፍል ካለውም ከዚያ ድርሻ ያገኛል። የወረዳው ሐኪም እነዚህ በሮች ሁሉ ዝግ ናቸው። ለእርሱ ከደመወዙ ውጭ ያለው ገቢ በተለምዶ ዱቲ የሚባለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። ስለዚህ ዱቲ ሲዘገይ በከተማ ያለው ያማርራል፤ በወረዳ ያለው ደግሞ ለምግቡ ይበደራል።

ዱቲ የሚከፈለው ከወረዳው ወይም ከሆስፒታሉ በጀት ነው። ወረዳ በጀት ሲያጥረው ደመወዝን አያስቀርም፤ ሊያዘገየው የሚችለውን ይፈልጋል። ሌሊቱ ግን ተሠርቷል። እናቲቱ ወልዳለች፤ በጥይት ወይም በመኪና አደጋ የቆሰለው ታክሟል። ወራት አልፈው ያልተከፈለ የሌሊት ሥራ ባለሙያው ለተቋሙ ያለውን እምነት ከደመወዙ ማነስ በላይ ይጎዳዋል። ደመወዙ ትንሽ መሆኑን ሲቀጠር ያውቀው ነበር፤ የተሠራ ሥራ ሳይከፈል እንደሚቀር ግን ማንም አልነገረውም። ወረዳዎች የሚያነሡት የበጀት ጥበት እውነት መሆኑ አይካድም። ሆኖም የዱቲ ዕዳ እያደር ሲከማች ለማኔጅመንቱ የሂሳብ መዝገብ ጉዳይ፣ ለሐኪሙ ደግሞ የክብር ጉዳይ ይሆናል።

ገንዘቡ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ብዙ ወጣት ሐኪሞች ከወረዳ ሆስፒታል መሄዳቸው አይቀርም። ምክንያቱ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ የተቀበረ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን ስድስት እና ሰባት ዓመት በዩኒቨርሲቲ የቆየ ሰው ትምህርቱን እንደጨረሰ አይቆጥርም። ቀጥሎ ያለው የስፔሻሊቲ ትምህርት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስዳል፤ ለመግባትም ሀገር አቀፍ ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። በሕክምናው ዓለም ስፔሻሊስት ያልሆነ ሐኪም በክፍያም፣ በክብርም፣ በሥራ ዕድልም ዝቅ ብሎ ይታያል። በመሆኑም ወጣቱ ሐኪም ወደ ወረዳው ሲመጣ ገና ከመጀመሪያው ለፈተና የሚያነባቸውን መጻሕፍት በሻንጣው ይዞ ነው። ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ ደግሞ ልመለስ ቢል እንኳ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ መዋቅር ለብዙዎቹ የስፔሻሊቲ ዘርፎች የሥራ መደብ የለም። እርሱን የሚቀበሉት አጠቃላይ እና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ናቸው። የወረዳውን ሆስፒታል መሸጋገሪያ ያደረገው ከሐኪሙ ፍላጎት በፊት መዋቅሩ ነው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተሞከረ አንድ መንገድ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለጤና መኮንኖች የተከፈተው የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እና የማዋለድ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና ሐኪም በሌለበት ወረዳ የቀዶ ሕክምና ወሊድ እንዲሠራ አስችሏል። ብዙ እናቶች ሕይወታቸው የተረፈው በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ ነው። እነርሱም ቢሆኑ ግን ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ቀጣዩ የሙያ ደረጃችን ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አልቀረም።

ለገጠር ባለሙያ ማሠልጠን ለአካባቢያችን እንግዳ ሐሳብ አለመሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ከተከሰተው አስከፊ የወባ ወረርሽኝ በኋላ የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችን እና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድነት የሚያሠለጥነው በቡድን ወደ ገጠር እንዲዘምቱ ነበር። ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በገጠር የጤና ማዕከላት ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በዝተዋል። በ2004 ዓ.ም ብቻ አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በ13 ተቋማት ተጀምሯል፤ በየዓመቱ የሚገቡ ተማሪዎች ቁጥርም ከመቶዎች ወደ ሺህዎች አድጓል። ቁጥሩ ሲያድግ ሠልጣኙን ለገጠር ሥራ የማዘጋጀቱ ነገር በዚያው ልክ አላደገም። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ልምምዱን በአብዛኛው የሚያደርገው በትልቅ ሆስፒታል፣ በስፔሻሊስቶች መካከል ነው። ከዚያ ወጥቶ ብቻውን ሲሆን የሚሰማውን ድንጋጤ መረዳት አያዳግትም።

ድንጋጤውን የሚያባብሰው የመሣሪያ እጦት ነው። የተማረውን በሽታ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱንም ያውቀዋል፤ የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካሉ አልቋል፣ የራጅ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ባዶ ነው። መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ሲል የታካሚው ቤተሰብ ተጠራጥሮ ያየዋል። ሕሙሙ ሲሞት ደግሞ ቁጣው የሚወርደው በግምጃ ቤቱ ወይም በአቅራቢው ላይ ሳይሆን በፊት ለፊት በቆመው ሐኪም ላይ ነው። ባለሙያዎች በአስታማሚዎች መሰደባቸው እና መመታታቸው አልፎ አልፎ የሚሰማ ነገር ሆኗል። የሐዘንተኛ ቁጣ ሊገባን ይችላል፤ ሐኪም የሌለው ሆስፒታል ግን ለቀጣዩ ሐዘንተኛም አይጠቅምም።

በአማራ ክልል ከዚህ ሁሉ ላይ የጸጥታው ችግር ተደርቧል። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት በ2014 ዓ.ም የደሴ፣ የወልድያ እና የላሊበላ ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፤ በክልሉ የወደሙ እና የተጎዱ ጤና ጣቢያዎችም በርካታ ናቸው። ከዚያ በቅጡ ሳይነሡ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት መንገድ ዘጋ፣ የመድኃኒት መጓጓዣን አስተጓጎለ፣ የአምቡላንስን ጉዞ አደጋ ላይ ጣለ። ባለሙያው ወደ ሥራው ሲሄድም ሆነ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲወጣ ይሰጋል። የቆሰለ ሰው ሲመጣለት የማን ወገን ነህ ብሎ የመጠየቅ ሙያዊ መብት የለውም፤ ሊያክመው ግዴታው ነው። ማከሙ ግን ከአንዱ ወይም ከሌላው ወገን ጥርጣሬ ሊያስከትልበት ይችላል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ሐኪሙ ቦታ መቀየር ቢፈልግ ከሌላው ነዋሪ የተለየ ነገር አላደረገም። ዐቅም ያለው ነጋዴም፣ መምህሩም ልጆቹን ይዞ ወደሚሻለው ከተማ ሄዷል። ልዩነቱ ሐኪሙ ሲሄድ የሚቀረው ክፍተት መታየቱ ነው።

ታዲያ መንግሥት ሐኪሞችን እንዴት ለማቆየት ሞከረ? ለረዥም ዘመን ዋናው መሣሪያ ግዴታ ነበር። አዲስ ተመራቂዎች ዕጣ አውጥተው ይመደቡ ነበር፤ በተመደቡበት የተወሰኑ ዓመታት አገልግለው መልቀቂያ ሲያገኙ ነበር የትምህርት ማስረጃቸው የሚለቀቅላቸው። ስፔሻሊቲ የተማሩትም ላስተማራቸው ክልል ወይም ተቋም የአገልግሎት ዕዳ አለባቸው። ሕዝብ በታክሱ ያስተማረውን ባለሙያ አገልግሎት መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን ግዴታ መሄጃውን ቀን ያዘገያል እንጂ የመሄዱን ምክንያት አያነሣም። ማስረጃው በተያዘበት ቦታ የሚሠራ ሐኪም ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ቀን ይቆጥራል። ከዚህ ይልቅ ሦስት ዓመት በሩቅ ወረዳ የሠራ በስፔሻሊቲ መግቢያ ግልጽ ቅድሚያ እንደሚያገኝ አውቆ የገባ ሐኪም በተሻለ ልብ ይሠራል። ቅድሚያው በወረቀት ላይ የተጻፈ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ በተግባር የታየ መሆን አለበት።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ተፈጥሯል። ወረዳዎች ሐኪም አጣን እያሉ የተመረቁ ሐኪሞች ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል። ነገሩ የሚፈታው ሁለት ቃላትን በመለየት ነው። የሕዝቡ ፍላጎት አንድ ነገር ነው፤ በጀት የተያዘለት የሥራ መደብ ሌላ ነው። ሕዝቡ አሥር ሐኪም ቢያስፈልገውም ወረዳው ለአራት ብቻ በጀት ከያዘ ስድስቱ ተመራቂዎች ቤታቸው ይቀመጣሉ። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ የገቡት ቃል ከአብዛኞቹ ሀገራት ጋር ኢትዮጵያም ያላሟላችው ነው። ሥራ ፈላጊው ሐኪም በመጨረሻ ወደ ግል ተቋም፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ አንዳንዴም ከሙያው ፈጽሞ ወደ ተለየ ሥራ ይገባል።

የተቀሩት ባሕር ማዶን ያያሉ። በአሜሪካ አንዲት ከተማ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በሀገር ውስጥ ካሉት ይበልጣሉ የሚለው በየመድረኩ የሚደጋገም አባባል የተጋነነ ነው፤ ሐኪሞች በሺህዎች እየተመረቁ ባሉበት ዘመን መደገሙ ቢቀር ይሻላል። ፍልሰቱ ግን እውነት ነው። የአሜሪካን የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና የሚያጠኑ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚያመለክቱ፣ በቅርብ ወዳለችው ሐርጌሳ ሄደው የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አባል ሀገራት እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቁት የሥነ ምግባር ደንብ መሠረት እጥረት ካለባቸው ሀገራት ባለሙያ መመልመል እንዲገደብ ተስማምተዋል፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የ55 ሀገራት ዝርዝር ውስጥም ኢትዮጵያ አለች። ደንቡ አስገዳጅ አይደለም፤ ግለሰቡ በራሱ ፈቃድ እንዳይሄድም አይከለክልም። ሊከለክልም አይገባም።

ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ሀገራት ልምድ ጠቃሚ ነው። ጋና በ1990ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለሐኪሞች የተጨማሪ ሰዓት አበል ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ሐኪሞቿ ስፔሻሊቲን በሀገር ውስጥ የሚማሩበትን ኮሌጅ አቋቋመች። አበሉ በነርሶች ዘንድ ቅሬታ ፈጥሯል፤ ወጪውም ከብዷት በኋላ ከመደበኛው ደመወዝ ጋር እንዲዋሐድ አድርጋለች። በሀገር ውስጥ የመማር ዕድሉ ግን ብዙዎችን አስቀርቷል። ታይላንድ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከገጠር አውራጃዎች የመጡ ተማሪዎችን መርጣ የተግባር ትምህርታቸውን በየአውራጃቸው ሆስፒታል እንዲማሩ እና ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው እንዲሠሩ አደረገች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያሻሻለው መመሪያም በገጠር ያደገ ተማሪ ወደ ገጠር ተመልሶ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑን መነሻ አድርጎ ይህንኑ ይመክራል፤ አበልን፣ መኖሪያ ቤትን እና የትምህርት ዕድልን ነጣጥሎ ሳይሆን በአንድነት መስጠትንም ያክላል።

ከእነዚህ መካከል የፌዴራል ውሳኔ የሚሹ አሉ፤ የደመወዝ ስኬል እና የስፔሻሊቲ ቅበላ ከወረዳ ሥልጣን ውጭ ናቸው። በወረዳ ዐቅም የሚሠሩትም ጥቂት አይደሉም። ሐኪሙ ኪራይ የማይከፍልበት ቤት በሆስፒታሉ ግቢ ወይም በአቅራቢያው ማዘጋጀት፣ የትዳር አጋሩ በመንግሥት ሥራ ያለች ከሆነ ዝውውሯን ማፋጠን፣ በሆስፒታሉ አስተማማኝ የኢንተርኔት መስመር ማስገባት፣ ከሁሉም በፊት የዱቲ ክፍያን በወሩ መክፈል የወረዳ ጉዳዮች ናቸው። በአንዳንድ አካባቢዎች ነዋሪው በጉልበቱ እና በመዋጮው ለመምህራን ቤት ሠርቷል፤ ለሐኪም የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የወረዳ ምክር ቤት አባላት በጀት ለማጽደቅ ሲሰበሰቡ ለሆስፒታሉ ስንት የሐኪም መደብ በጀት እንደተያዘለት፣ ስንቱ መደብ ክፍት እንደሆነ እና ካለፈው ዓመት የተንከባለለ የዱቲ ዕዳ እንዳለ መጠየቅ ይችላሉ። የጤና መድን አባላትም በጠቅላላ ጉባኤያቸው መድኑ ለሆስፒታሉ የሚከፍለው ገንዘብ በወቅቱ መግባቱን የመጠየቅ መብት አላቸው። ከጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው መልስ "በሂደት ላይ ነው" ከሆነ ቀኑ ተቆርጦ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግም እንዲሁ።